ድቤውን ለእናቴ መልሺ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሺፋ፤ ጂዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችን፣ እናትሽም ጭምር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ዘንድሮ ከደጋው ከአቀስታ ተነስቶ እኛ ዘንድ የሰፈረ ይመስላል። አላህ የሰው አገር ሲሳይሽን ሐላል፣ መመለሻሽን ቅርብ ያድርግልሽ።

ወረቀት የምጽፍልሽ ኔትወርኩ ከጠፋ ስለሰነበተ ነው። ወደናንተ የምትበር ልጅ ስላገኘሁ በሷ እጅ ልኬዋለሁ። የእናቶቻችን አባቶች ወንድማማች ከመሆናቸው በቀር እኔና አንቺ ብዙም አልተቀራረብንም፤ አንቺ የሴቶቹን ድቤ ስትመቺ እኔ ከኋላ ሆኜ ከሚያጨበጭቡት አንዷ ነበርሁ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢገርምሽ አልፈርድብሽም።

እታለም፣ አንቺ ከሄድሽ አምስት ዓመት ሆነ። እማ ቀመር አሁንም መንዙማውን ያወጣሉ። ድምፃቸው አለ፤ የሚመታላቸው ግን ጠፋ። ሦስት ሴቶች ተሞከሩ፤ አንዷ አገባች፣ አንዷ እንዳንቺው ተሰደደች፣ ሦስተኛዋን እማ ቀመር ራሳቸው «አንቺስ እህል ውቂ» ብለው አስነሷት። ባለፈው ሐሙስ ሰርግ ላይ ደግሞ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈና «ነይ አንቺ ሰፊዋ» አሉኝ። ከስፌት መኪና በቀር ምን አውቃለሁ? ስጀምር ደህና ነበርሁ። አዝማቹ ሲደገም እጄ መሮጥ ጀመረ። ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። ጭብጨባው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ከኔ ጋር ሮጠ፣ ግማሹ ከእማ ቀመር ጋር ቀረ፤ ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች። መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ነገሩ በኔ እፍረት ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረ። የመውሊዱን ዝግጅት የሚመራው ሀቢቡላህ «የሴቶቹ ድንኳን እንደዚህ ከሆነ በሚቀጥለው መውሊድ ፍላሽ ሰክቼ በስፒከር አሰማችኋለሁ» ብሏል። እማ ቀመር ይህን ሲሰሙ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በስፒከር ከተተኩ ዳግመኛ አፋቸውን የሚከፍቱ አይመስለኝም።

እና እታለም፣ ድቤሽን ከእናትሽ ግድግዳ ላይ አውርጄዋለሁ። እናትሽ ፈቅደውልኛል። አስተምሪኝ። ያንቺ እጅ እንዴት ነበር የማይሮጠው?

መልስሽን እንደ ዝናብ የምጠብቅ
እህትሽ ባሲማ

---

ጂዳ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባሲማ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅ። ደብዳቤሽ እጄ ከገባ ሰላሳ ስምንት ቀን ሆነው። የቤቱ እመቤት እንግዳ በዝቶባት እኔም ጊዜ አጥቼ ነው፤ አፉ በይኝ።

ድቤውን ማውረድሽን አየሁ። እናቴ ከፈቀደች መልካም ነው። ብቻ እወቂው፤ ያ ድቤ የወይፈን ቆዳ ነው፤ ቆዳው ሲወጠር ሦስት ቀን ከሠሪው ደጃፍ ሳልነሳ ያሠራሁት ነው። በእርጥብ እጅ አይነካም። ልጅ አይቀመጥበትም። ሌላ ሰው ወስዶ እንዳይመታበት።

በሰርጉ ላይ ማን ማን ነበረ? ከሩቅ የመጣ ነበር? እጅሽ ሲጠፋ ሴቶቹ ምን አሉ? ስሜን ያነሳ ነበር? እማ ቀመርስ «ሺፋ ብትኖር» አላሉም? ጻፊልኝ፤ የሰው አገር ሰው ወሬ ይርበዋል።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ድቤ በወረቀት የሚማሩት ነገር አይደለም፤ ቢሆንም እህቴ ነሽና አልነፍግሽም። ስትመቺ ዓይንሽን ከእጅሽ ላይ አታንሺ፤ ወደ ሰው ካየሽ ትጠፊያለሽ። አፍሽን ዝጊ፤ አዝማቹን አብረሽ አትቀበይ፣ ዜማው ያዘናጋሻል። ሦስተኛው፣ ድቤ ጌታ ነው። ዘፋኝ ድቤን ይከተላል እንጂ ድቤ ዘፋኝን አይከተልም። እማ ቀመር ወደኋላ ሲሉ ጠንክረሽ መትተሽ ጎትቻቸው። እኔ አስራ ሁለት ዓመት የጎተትኋቸው እንደዚያ ነው።

ለእማ ቀመር ጥቁር ሻሽ፣ ላንቺም አንድ ልኬአለሁ። ያንቺው አነስ ያለው ነው።

በዱዓሽ አስቢኝ
ሺፋ

---

መካነ ሰላም፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ሺፋ

ሰላምና ራህመት ካለሽበት ይድረስሽ። ረመዳን አራት ቀን ቀረው፤ አላህ በሰላም ያስገባን። ሻሹ ደርሶናል። እማ ቀመር ፊታቸው ላይ አድርገው አሸተቱትና «የሺፋ ሽታ አለው» አሉ።

ስለ ስምሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ስምሽን ያላነሳ የለም እታለም። ድቤው ጋ በተቀመጥሁ ቁጥር «የሺፋ ቦታ» ነው የሚሉት። አንድም ቀን «ባሲማ ነይ ቦታሽን ያዢ» ያለኝ የለም።

ምክርሽን ይዤ እስከ መቅደላዋ ማሻ ድረስ ለኒካሕ ሄድን። እንዳልሽኝ ዓይኔን ከእጄ ላይ አላነሳሁም። አፌን ዘጋሁ። እማ ቀመር ዘግየት ሲሉ ጠንክሬ መታሁ። እሳቸው ሊደርሱብኝ ቸኮሉ፤ እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ስላላየኋቸው መጨነቃቸውን አላወቅሁም። ድንገት ድምፃቸው ተቆረጠ። ቀና ስል ደረታቸውን ይዘው ያስላሉ፤ ሰው ውሃ ይዞ ይሮጣል። እማ ቀመር መንዙማ ከመሀል ሲያቋርጡ ሳይ በእድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያልሽኝን አሳምሬ አልያዝሁት ይሆናል። የቀረ ነገር ካለ እባክሽ ጨምሪልኝ።

ያፈረችው እህትሽ
ባሲማ

---

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ሺፋ

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳኑም አለፈ፣ ዒዱም አለፈ፤ መልስሽ አልመጣም። መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል ብዬ ሹፌሩን ያሲንን ደሴ በተመላለሰ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። «ለሺፋ እናት የመጣ አለ፤ ላንቺ የለም» ይለኛል። አላህ ኸይር ያድርገው። ምናልባት አስቀይሜሽ ከሆነ አፉ በይኝ።

የኛን ወሬ ልንገርሽ። ከማሻው ነገር በኋላ እማ ቀመር ቤቴ መጡና ድቤውን አንስተው ማድጋው ጀርባ አስቀመጡት። «ሁለት ወር ይህን ነገር እንዳትነኪ» አሉኝ። ያባረሩኝ መስሎኝ አለቀስሁ። በማግስቱ ግን ዱላቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ። «ተከተይኝ» ብለው ከወንዙ እስከ መስጊዱ ያለውን ዳገት ወጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ በእርምጃቸው ልክ ማጨብጨብ ነበረብኝ። እንዴት ቀስ ብለው እንደሚሄዱ ታውቂያለሽ! እግሬ ያሳክከኛል፤ እጄ ቀድሞ ያጨበጭባል። ዞር ብለው «እኔ ገና እግሬን አላሳረፍሁም፤ አንቺ ለማን ነው ያጨበጨብሽው?» ይሉኛል። በየሰባት ስምንት እርምጃው ለትንፋሽ ይቆማሉ። እዚያ ላይ እኔም እጄን አንጠልጥዬ መቆም። ሰው ያየናል፤ ይስቃል። ሁለት ወር፣ በየቀኑ!

ጎረቤቴ እናኑን ደግሞ አስቸገርኋት። የማርያም ጽዋ የጠጡ ቀን ከበሮ የምትመታው እሷ ናት። በርበሬ ስንወቅጥ በአንድ ሙቀጫ ሁለት ዘነዘና እንያዝ አልኋት። እሷ ስታነሳ እኔ ላሳርፍ፤ የቸኮልሁ ቀን ዘነዘናው ከዘነዘና ይጋጫል፣ በርበሬው ዓይናችን ውስጥ ይገባል። «አንቺ ሴትዮ፣ በርበሬው የትም አይሄድብሽም!» እያለች ትጮህብኛለች። አንድ ጠዋት ስንወቅጥ ወሬ ይዘን ጨረስን፤ መጋጨታችንን ረስተነው ነበር። ያን ቀን እናኑ ፈገግ ብላ በርበሬውን መንፋት ጀመረች።

ከዚያ እማ ቀመር ከጀርባቸው አስቀመጡኝና መዳፌን ጎድናቸው ላይ አኖሩት። መንዙማውን ቀስ አድርገው ሲያወጡ ጎድናቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። «ይህ ነው የሚመታው» አሉኝ። ስለ አንቺ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? «ሺፋ ትቀድመኝ ነበር። አስራ ሁለት ዓመት ትንፋሼን እያሳጠርሁ ኖርሁላት።»

እንዳይከፋሽ እታለም፤ የሰማሁትን ነው። አሁን ድቤውን መልሰው ሰጥተውኛል። መውሊድ ሦስት ወር ቀረው።

ባሲማ

---

ጂዳ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባሲማ

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አነበብኋቸው።

እማ ቀመር ያሉትን እሳቸው ለኔ ቢነግሩኝ ደስ ባለኝ። አስራ ሁለት ዓመት ከጎናቸው ስቀመጥ አፍ ነበራቸው። ሰው ሲርቅ ጉድለቱ ይበዛል፤ ይህ የዱንያ ነገር ነው። እኔ ስመታ ከመቅደላ ማዶ ሰው በእግሩ ይመጣ ነበር። ያኔ የማንም ትንፋሽ ሲያጥር አልሰማሁም።

ድቤውን ለእናቴ መልሺ። ዛሬ ነገ ሳትዪ መልሺ። በነበረበት ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ስቀዪው። ያዋስሁሽ ነገር የለም፤ የጠየቅሽኝም ካወረድሽው በኋላ ነው።

ከእንግዲህ የመንዙማ ወሬ አትጻፊልኝ። የእናቴን ጤንነት ከጻፍሽልኝ ይበቃኛል።

ሺፋ

---

መካነ ሰላም፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ሺፋ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

ድቤሽን ነሐሴ 20 ቀን መልሻለሁ። በነጠላ ጠቅልዬ ወሰድሁት፤ እንዳልሽው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቀልሁት። እናትሽ «ምን አጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ። ጤናቸው ደህና ነው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ክረምቱ አስቸግሯቸዋል።

የመንዙማ ወሬ አትጻፊ ብለሽኛል። ይቅር በይኝና ይህን አንዱን እጽፈዋለሁ፤ ካልፈለግሽ ከዚህ በታች አታንብቢው።

በመውሊዱ ቀን ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰብን። ድቤ የለንም። ለመከራየት ሞክረን ነበር፤ የሚሰጥ አልተገኘም። ሀቢቡላህ በድንኳኑ ጫፍ ገባ አለና «ድቤያችሁ የታል?» አለ።

«የለም» አልሁት።

«እንግዲያው ስፒከሩን ወደዚህ አዙሩት» ብሎ ገመዱን መሳብ ጀመረ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንግዳው ብዙ ነው፣ ዝም ያለ ድንኳን ያሳፍረዋል።

እማ ቀመር ተነሱ። ጥግ ላይ ውሃ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ግማሹን ውሃ ደጅ አፈሰሱና ጎትተው ፊቴ አጋደሙት። «ምቺ» አሉኝ።

«እማ፣ ይህ እኮ ጀሪካን ነው።»

«እኔም አሮጊት ነኝ። ምቺ።»

መታሁት። ውሃው ከውስጥ ሲናወጥ ወፍራም ድምፅ አወጣ፤ የሳቁ ሴቶች ነበሩ። ዓይኔን ከእማ ቀመር ትከሻ ላይ አላነሳሁም። ትከሻቸው ከፍ ሲል እጄን አነሳለሁ፣ ሲወርድ አሳርፋለሁ። አፌም ከሴቶቹ ጋር ይቀበል ነበር። ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ እማ ቀመር አንዲት ቃል ይዘው ሄዱ። ረዘመች። እኔ የማውቃት አጭር ሆና ነበር፤ ዛሬ አላልቅ አለች። እጄ በአየር ላይ ቀረ። ጭብጨባው ቆመ፤ ሰው ሁሉ የሳቸውን አፍ ያያል። ልምታ ልምታ አለኝ እታለም። አልመታሁም። ቃሏን ጨርሰው፣ ተንፍሰው፣ ትከሻቸው ሲወርድ እጄ ብቻውን ወረደ፤ መቶ ሴት አብሮኝ አጨበጨበ። አንዳችን ሳንቀድም፣ አንዳችን ሳንቀር።

ስፒከሩን አላስታውሰውም። ቀና ስል ሀቢቡላህ ገመዱን ክንዱ ላይ እየጠቀለለ ወጥቷል። እናትሽም እዚያው ነበሩ። እጄን ይዘው ሳሙኝና «ልጄ ይህን ብታይ» ብለው አለቀሱ። ድቤውን ለምን እንዳስመለስሽ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኋቸውም።

ባሲማ

---

ጂዳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባሲማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። በመስከረሙ ደብዳቤሽ «አታንብቢው» ካልሽኝ በታች ያለውን አነበብሁት። በዚያው ሌሊት አልተኛሁም፤ በማግስቱም የእመቤቴን ሸሚዝ አቃጠልሁ።

ስልኩ መሥራት ጀምሯል ይላሉ፤ ይህን ግን እናቴ በምትሰማበት በስልክ መናገር አልችልም። ስለዚህ ጻፍሁት።

ባሲማ፣ ዋሽቼሻለሁ። እኔ በሕይወቴ እጄን አይቼ መትቼ አላውቅም። እንደ አንቺ የእማ ቀመርን ትከሻ ነበር የማየው። አፌንም ዘግቼ አላውቅም፤ አዝማቹን ከሴቶቹ ጋር እየተቀበልሁ ነበር የምመታው። ሁለቱን ነገር የነገርሁሽ እንድትጠፊ ብዬ ነው። ማሻ ላይ እማ ቀመር ደረታቸውን ይዘው ማሳላቸውን ስትጽፊልኝ፣ ያ ሳል የኔ ሥራ መሆኑን አውቄ ነው አራት ወር ዝም ያልሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ። ሦስተኛውን፣ ድቤ ጌታ ነው ያልሁሽን ግን፣ አልዋሸሁም። ከልቤ የማምነው እሱን ብቻ ነበር። እማ ቀመር ሐሰት ነው ያሉትም እሱኑ ሆነ። ለዚህ ነው ደብዳቤሽ የለበለበኝ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት መጋረጃ ሳወርድ ከመሰላል ወደቅሁ። ቀኝ አንጓዬ ተሰበረ። ታሰረ፣ ተፈታ፤ ሲድን ጠምሞ ዳነ። ይጠርጋል፣ ያጥባል፣ ይተኩሳል። መዳፌ ግን ወደ ላይ አይዞርም። የተሻለኝ ጊዜ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ሳፋ ደፍቼ ሞከርሁ። ግራዬ ይጠራል፣ ቀኜ አይመልስም። ሳፋውን አነሳሁና ልብስ ማጠቤን ቀጠልሁ። ለእናቴም፣ ለማንም አልተናገርሁም። ሰው ድቤዬን ግድግዳ ላይ እያየ «ሺፋ ስትመጣ» እስካለ ድረስ ያልተሰበርሁ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ያንቺ ወረቀት መጣ፤ «ድቤሽን አውርጄዋለሁ» ይላል። ያነበብሁት ግን «እጅሽን ቆርጬዋለሁ» ብዬ ነው።

እዚህ የምታውቀኝ የለችም። ለቤቱ ሰዎች ስሜ «ያ ቢንት»፣ አንቺ ልጅ፣ ነው። ሺፋ የምባለው እዚያ፣ በዚያ ግድግዳ ላይ ብቻ ነበር። አንቺ ላይ የቀናሁት እንደዚያ ነው እህቴ። ቅናት እንደ ወስፋት ነው፤ ባበሉት ቁጥር ይጮሃል።

አፉ በይኝ ለማለት ፊት የለኝም። ብትዪኝ ግን እቀበላለሁ።

ሺፋ

---

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ሺፋ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ እጅሽን ያሽረው። ደብዳቤሽን የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አነበብሁት፤ የሰው ቀሚስ በእንባ አበላሸሁ። አፉ ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው። ግን አንቺ ብቻ ተናዝዘሽ እኔ ንጹሕ መስዬ ብቀር ሐቅሽ ያንቀኛል።

እማ ቀመር ስለ አንቺ ያሉኝን ግማሹን ነው የጻፍሁልሽ። «ሺፋ ትቀድመኝ ነበር፤ ትንፋሼን እያሳጠርሁ ኖርሁላት» ብለው አላቆሙም። ቀጥለው ያሉት እንዲህ ነው፦ «ግን ከሷ ጋር ስሆን እርጅናዬን እረሳው ነበር። ጥሩ አድርጋ ትጎትተኝ ነበር። እንደሷ ያለ እጅ ሁለተኛ አላገኝም።»

ይህን ሲሉኝ መዳፌ ጎድናቸው ላይ ነበር። ሁለት ወር ዳገት ወጥቼ፣ በሰው ተስቆብኝ፣ መጨረሻ ላይ የሰማሁት «ሁለተኛ አላገኝም» የሚለውን ሆነ። ሰው ሁሉ የሺፋ ቦታ፣ የሺፋ ድቤ፣ የሺፋ እጅ ይላል። በሄድሽ በአምስት ዓመትሽ እንኳ ከቦታው አልተነሳሽልኝም። እቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁና የሚያቆስልሽን ግማሽ መርጬ ጻፍሁ። «እንዳይከፋሽ» ያልሁሽም እንዲከፋሽ ብዬ ነው። እታለም፣ እኔም አንቺው ነኝ።

እማ ቀመር ደህና ናቸው። ስለ እጅሽ አልነገርኋቸውም፤ የራስሽ ነገር ነው። አሁንም የምመታው በጀሪካኑ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ ሰርጉ በዝቷል። ድቤሽን አልጠይቅሽም።

ባሲማ

---

ጂዳ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባሲማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን አለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ቀሪውን ግማሽ ቃል ስለላክሽልኝ አመሰግንሻለሁ። አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን እውነት ለመናገር መጀመሪያ የላክሽው ግማሽም ሐሰት አልነበረም፤ እቀድማቸው ነበር። ስትጽፊልኝ ያቺ ረዘመች ያልሻት ቃል የቷ እንደሆነች አውቄያታለሁ። እኔ እዚያ ላይ ሁልጊዜ እመታ ነበር። እንደዚያ ልትረዝም እንደምትችል አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቅሁም።

ለእናቴ ስለ እጄ በስልክ ነገርኋት። «በየትኛው እጅሽ ነው የምትበይው?» አለችኝ።

«በቀኜ። ይበላል፤ አይመታም እንጂ።»

«የሚበላ ከሆነ አልሐምዱሊላህ» አለች።

ኮንትራቴን ጨርሻለሁ። ከዒድ በኋላ እመጣለሁ፤ ለመውሊድም እዚያው ነኝ ኢንሻአላህ። ከእናቴ ሄደሽ ድቤውን ውሰጂ፤ ነግሬያታለሁ። ፊቱን እንዳዞርሽው ቆይቶ ከሆነ ቆዳው ላልቶ ይሆናል፤ ከመምታትሽ በፊት ፀሐይ ላይ አስጪው፤ እሳት ዳር እንዳታደርጊው። ይህ ምክር እውነተኛ ነው።

ቅናቱ ግን ለቆኛል ብዬ አልዋሽሽም። ስትመቺ ሳይ ያመኛል፤ አውቀዋለሁ። ይመመኝ። ድቤው አጠገብ አልቀመጥም። ከሚያጨበጭቡት ሴቶች መጨረሻ ላይ ቦታ ያዢልኝ፤ ግራ መዳፌ ጭኔን መምታት አያቅተውም። ከሮጥሽ በሰው ሁሉ ፊት እጮህብሻለሁ። ካልሮጥሽ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን እንደ ምስጋና ቁጠሪልኝ፤ ከዚያ በላይ ለጊዜው ከአፌ አይወጣም።

ቅናተኛዋ እህትሽ
ሺፋ